መርፌዋ ቀይ ላይ

እንዳላማው መኪናውን በጆሮው ነበር የሚነዳት። ባለ አፍንጫ፣ ቀለሟ የወየበ፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ የማያውቃት የሌለ አሮጌ የጭነት መኪና ናት። ከአማኑኤል ስንዴ፣ ከደምበጫ በቆሎ፣ ከደጋው ድንች ሲያመላልስባት ጎልማሳነቱን ጨርሷል። ከራዲያተሩ ጀርባ ያለው ትልቁ የብረት ማራገቢያ ነፋሱን ሲገምሰው በሚያሰማው ድምፅ ብቻ «ጭነት ከብዷታል»፣ «ውሃ ጎድሏታል»፣ «ይህችን ዳገት ትወጣታለች» ይል ነበር፤ አይሳሳትም። ሚስቱ ወለላ፣ «ለእኔ እንዲህ ያለ ጆሮ ቢኖርህ ኖሮ ቤታችን ገነት በሆነ» እያለች ትቀልድበታለች።

ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ ከደምበጫ ጭኖ ሲመለስ፣ የማራገቢያው አንድ ክንፍ ከሥሩ ተገንጥሎ ራዲያተሩን ቀደደው። ራዲያተሩ ተበየደ። ማራገቢያው ግን ምትክ አልተገኘለትም። እንደ እሷ ያሉ መኪናዎች ከመንገድ ከጠፉ ቆይተዋል፤ አዲስ አበባ ያሉ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ሳይቀሩ «ከየት አምጥተን?» አሉት። አንድ በያጅ ክንፉን መልሼ ልበይደው ቢለውም አልተቀበለም። የተበየደ ክንፍ ሚዛኑን ስቶ ሲንገጫገጭ፣ ውሎ አድሮ የውሃውን ፖምፓ ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆመች፤ እሱም ዙሪያዋን ሲንጎራደድ መዋል ሆነ ሥራው።

መላውን ያመጣው የወለላ ታናሽ ወንድም ምስጋናው ነው። ባሕር ዳር ሙያውን ተምሮ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ጥግ ይዞ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። እጁ ረጋ ያለ፣ ሥራ ላይ ሲሆን ወሬ የማይወድ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ የብረቱን ነገር ይርሱት» አለው። «በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሁለት ፋኖች እገጥምልዎታለሁ። ሞተሩ ሲሞቅ በራሳቸው ይነሳሉ፤ ሲበርድ ይቆማሉ። ሞተሩም ያን ሁሉ ብረት ከማዞር ይገላገላል፤ ጉልበት ይጨምርልዎታል።»

«ባትሪዬን ቢጨርሱትስ?»

«ዲናሞውን በትልቅ እንቀይረዋለን።»

«መዞራቸውን በምን አውቃለሁ? ድምፅ የላቸው፣ ምን የላቸው።»

ምስጋናው ሳቀ። በመሪው በኩል ያለችውን፣ ከሞተች ዓመታት ያለፏትን የሙቀት መለኪያ በጣቱ መታ መታ አደረጋት። «ይቺንም በአዲስ እተካታለሁ። ከእንግዲህ ጆሮዎን ያሳርፉት፤ መርፌዋን ይመኑ።»

ሥራው ሳምንቱን ወሰደ። ምስጋናው ከተገለበጠ ሚኒባስ የተፈቱ ሁለት ማራገቢያዎች አገኘ፤ ከማዕዘን ብረት ፍሬም አበጅቶ ራዲያተሩ ላይ አሰራቸው። ሙቀቱን ለይታ ማራገቢያዎቹን የምታስነሳ ጣት የምታህል ዕቃ ተከለ፤ ሽቦውን ዘረጋ፤ አዲሱን መለኪያ ገጠመ። እንዳላማው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ መፍቻ ያቀብለው ነበር። ሁሉም ሲያልቅ ጋቢና ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ ተነሳች፤ ነገር ግን ያ ነፋስ የሚገምሰው ድምፅ ሲወጣበት የኖረው ቦታ ባዶ ነበር። እንዳላማው ፊቱን አዞረ፤ የሌላ ሰው መኪና ውስጥ የተቀመጠ ያህል ተሰማው።

ሆኖም ሰው የማይለምደው የለም። መኪናዋ በእርግጥም ጉልበት አገኘች። በማርቆስ የማለዳ ቅዝቃዜ ቶሎ ትሞቅለት ጀመር። አስፋልቱ ላይ ሲነዳ ዓይኑ ከመንገዱ ወደ መርፌዋ፣ ከመርፌዋ ወደ መንገዱ ይመላለሳል፤ መርፌዋም ከመሐል ንቅንቅ አትልም። ሰዎች ሲጠይቁት፣ «የምስጋናው ሥራ ነው» እያለ በአማቹ ይኮራ ነበር።

ግንቦት ገብቶ፣ ምድሩ ዝናብ ጠምቶት በተሰነጣጠቀበት ሰሞን፣ በቆሎ ሊጭን ጉልት ወረደ። ጉልት ከአማኑኤል ወደ ቆላው ሲሉ ከዳገቱ ግርጌ ያለች መንደር ናት። መንገዱን የቆፈረው የአገሩ ሰው ነው፤ ድንጋዩ ጥርስ ያወልቃል። እንዳላማው መንደሩን ያውቀዋል። ገዳሙ ከሚባሉ አዛውንት ገበሬ ቤት ስንት ጊዜ እንጀራ በልቷል። የገዳሙ ልጅ የኔአለምም ገበያ ቀን አማኑኤል ስትሄድ «ጋሽ እንዳላማው፣ አንድ ሰው ብትጨምር ጎማህ አይፈነዳም» እያለች የምትሳፈር፣ ጨዋታ የምታውቅ ልጅ ነበረች። አምና ነው ምናለ ለሚባል የዚያው አገር ጎበዝ የተዳረችው።

ጥቂት ጆንያ እንደተጫነ ገዳሙ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት እየጎተተ ሲሮጡ መጡ።

«እንዳላማው! የኔአለም ወልዳ ደሟ አልቆም አለ!»

«መቼ ነው የወለደችው?»

«ማለዳ። ሴት ልጅ፤ ልጅቱ ደህና ናት። ጤና ኬላ ያለችው ልጅ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች፤ አልቆመም። ማርቆስ ሆስፒታል ካልደረሰች አትተርፍም አለችን። አምቡላንስ ብንደውል ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዷል አሉ።»

እንዳላማው ወደ ጫኞቹ ዞሮ፣ «ተዉት፤ የተጫነው እንዳለ ይሂድ» አለ። መኪናዋን አዙሮ ጠበቀ። የኔአለምን በቃሬዛ አምጥተው ጋቢና ውስጥ አስገቧት፤ ራሷን እናቷ እቴናት ጭን ላይ አስተኟት። ሕፃኗ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቤት ቀረች። ምናለ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ከኋላ ጆንያው ላይ ወጣ። ገዳሙ በሩን እንደያዙ ልጃቸውን ሳይሆን እንዳላማውን አዩት።

«ከእግዚአብሔር በታች ባንተ ጥያታለሁ» አሉት። በሩ ተዘጋ።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ ሜዳ ነው፤ ቀጥሎ ዳገቱ ይጀምራል። የኔአለም ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አንድ ሁለት ጊዜ ዓይኗን ገልጣ አየችው።

«ጋሽ እንዳላማው፣ በርዶኛል» አለች። «መስኮቱን ዝጋልኝ።»

ፀሐዩ ጋቢናውን እንደ ምድጃ አግሎት ነበር። እንዳላማው መስኮቱን ዘጋ። እናቷ ጋቢዋን ደረበችላት።

የመጀመሪያውን ጥምዝ እንደያዘ መርፌዋን አየ። ከመሐል ተነስታለች። ማርሽ ቀነሰ። እንደገና አየ፤ ቀዩን ነክታለች። ጆሮውን አቀና፤ ሞተሩ እያጓራ ነው እንጂ ሌላ ምንም የሚነግረው ድምፅ የለም። በድሮው ማራገቢያ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ይሰማ ነበር። አሁን ያለችው መርፌዋ ብቻ ናት፤ መርፌዋ ደግሞ ሞተሩ እየነደደ ነው ትላለች።

አቆመ። ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ሁለቱ ማራገቢያዎች እየዞሩ ነው፤ ነገር ግን አዟዟራቸው ደክሞት እንደሚራመድ ሰው ነው። «ፋኖቹ ደክመዋል፤ ሞተሩን ማብረድ አቅቷቸዋል» ብሎ አሰበና ሄዶ አጠፋው።

ምናለ ዘሎ ወረደ። «ምን ሆነች?»

«ሞቃለች። ካልበረደች አትሄድም።»

«ይሙቃ! ዝም ብለህ ንዳው!»

«ከተቃጠለ እኮ እዚሁ ነው የምንቀረው! ዳገቱ ገና ነው፤ ማን ተሸክሞ ያወጣታል? ትንሽ ትንፋሽ ታግኝ፤ ከዚያ እንሄዳለን።»

እንዳላማው እውነቱን ነበር፣ ወይም ዕድሜ ልኩን እውነት ሆኖ የኖረውን ነበር የተናገረው። የጋለ ሞተር የነዳ ሹፌር መንገድ ላይ ሲቀር ስንቱን አይቷል። ምናለ ስልኩን አውጥቶ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣ፤ ከአማኑኤል ባጃጅ የሚመጣ ቢሆን ብሎ ነበር። ያገኘው ሰው ግን፣ «ያን ዳገት ባጃጅ አይወርደውም» አለው።

እንዳላማው ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ፣ ፊቱን አዙሮ፣ የራዲያተሩን ክዳን ቀስ አድርጎ ፈታው። እንፋሎት ይገፋዋል ብሎ ሲጠብቅ ክዳኑ እንዲሁ ተነሳ። ወደ ውስጥ አየ። ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ ዝም ብሎ ተኝቷል። ገረመው። ትንሽ ቆሞ አየው። ከጋቢናው የእቴናት «ኧረ ቶሎ በል!» የሚል ድምፅ ሲመጣ ግን ክዳኑን መለሰና ነገሩን ተወው።

ሞተሩ በረደ ብሎ ሲያስነሳው መርፌዋ ወርዳለች። «ተመስገን» አለ። ነዳ። ሁለት ጥምዝ ሳይጨርስ መርፌዋ እንደገና ተስፈንጥራ ቀዩ ላይ ወጣች።

እንደገና ቆመ። አሁን ምናለ ጀሪካኑን አውርዶ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ማፍሰስ ያዘ። ውሃው ሲያልቅ ወደ ገደሉ ወርዶ ከደረቀው ወንዝ የቀረችውን ኩሬ ቀድቶ፣ እየወደቀ እየተነሳ ይዞ መጣ፤ ያንንም አፈሰሰው። ቁምጣው በደም፣ እጁ በጭቃ ተለውሷል። እንዳላማው መሪውን ይዞ ተቀምጦ የኔአለምን ላለማየት ወደ ውጭ ያያል። አተነፋፈሷ ግን ይሰማዋል፤ አጭር ነው፣ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ ይመስላል።

«እማዬ» አለች።

«አለሁ፣ እናቴ፣ አለሁ።»

«ልጅቱ ጠባች?»

«ጠብታለች። ጠግባ ተኝታለች» አለች እቴናት። አልጠባችም ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ የቆመው አፋፉ ጋ፣ የአማኑኤል ባሕር ዛፎች ከሚታዩበት ነው። ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ቆየ። ምናለ ከኋላ ሆኖ «በረደ? በረደ?» ይላል። እንዳላማው ሲመለስ እቴናት የልጇን ዓይን ከድና፣ ነጠላዋን አውልቃ ፊቷን ሸፍናት አገኛት።

«እንዳላማው» አለችው። ድምፅዋ ጎላ ያለ አልነበረም። «ከእንግዲህ ቀስ ብለህ ንዳ። የሚያስቸኩለን የለም።»

መኪናዋን አዙሮ ወደ ጉልት ተመለሰ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ መርፌዋ ከመሐል አልተነቃነቀችም።

በማግስቱ ተቀበረች። እንዳላማው ከቀብሩ ላይ ቆሞ ሳለ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ይልቁንም ገዳሙ ትከሻውን ስመው፣ «ደክመህልናል፤ መኪናህ ያልቻለውን አንተ ምን ታደርግ። የእሷ ቀን ነው» አሉት። ሰው ሁሉ እንዲያ ነው ያለው። እሱም እንዲያ ብሎ ለማመን ሞከረ።

መኪናዋን ለቀናት ሳይነካት ቆይቶ ወደ ምስጋናው ጋራዥ ወሰዳትና እዚያው እንድታድር ትቷት ሄደ። በነጋታው ማለዳ ሲመጣ ምስጋናው ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አቁሞ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይሰብራል።

«በትክክል እንዴት እንደሆነች ይንገሩኝ» አለው።

እንዳላማው ነገረው። ፋኖቹ እንዴት እንደደከሙ፣ መርፌዋ እንዴት ድንገት እንደምትወጣ። ምስጋናው እየሰማ ግንባሩን ቋጠረ።

«ድንገት? ቀስ በቀስ አይደለም?»

«ድንገት።»

ምስጋናው ትንሽ አሰበና፣ «ሞተሩን አያስነሱት። ቁልፉን ብቻ ይክፈቱልኝ» አለ።

እንዳላማው ጋቢና ገብቶ ቁልፉን ከፈተ። መርፌዋ ከታች ተኝታለች። ምስጋናው ከፊት ጎንበስ ብሎ ሁለት ሽቦዎች አገናኘ፤ ማራገቢያዎቹ ቀስ እያሉ መዞር ጀመሩ። መርፌዋ ተነሳች። መሐሉን አለፈች። ቀዩ ላይ ሄዳ ቆመች።

እንዳላማው ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ቆየ። ከዚያ ወረደ። ሄዶ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ብረቱ እንደ ማለዳው ቀዝቃዛ ነበር።

ምስጋናው ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ከመሪው ሥር ተኛ። በእጅ ባትሪ ሲያይ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማሳው ነው» አለ። ባለሙያዎቹ ማሳ የሚሉት ኤሌክትሪኩ ሠርቶ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ሽቦ ነው። «የፋኖቹንና የመለኪያዋን ማሳ በአንድ ብሎን አሰርኩት። ከብሎኑ ሥር ቀለም አለ፤ መፋቅ ነበረብኝ፤ አልፋቅሁትም። ኮረኮንቹ ሲንጠው ላልቷል። ፋኖቹ በተነሱ ቁጥር ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣና በመለኪያዋ በኩል እየገባ መርፌዋን ያሳስታታል። ራሳቸውም ጉልበት ያጥራቸዋል።» የእጅ ባትሪውን አጠፋ። «ጋሼ፣ ሞተሩ አልፈላም ነበር።»

«ጨርሶ?»

«ዳገት የወጣ ሞተር የሚሞቀውን ያህል ነው የሞቀው። አማኑኤልን አልፎ ማርቆስ ይገባ ነበር።»

ጋራዡ ውስጥ ሰው መግባት ጀምሯል፤ አንዱ ጎማ እየመታ ያፏጫል። ምስጋናው አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በዘይታም እጁ ያዘ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ።

እንዳላማው ሊያጽናናው ፈልጎ ነበር። የተናገረው ግን ስለ ሌላ ነገር ነበር። «ክዳኑን ከፍቼ ውሃውን አይቼዋለሁ» አለ። «ቢፈላ ኖሮ ፊቴን በላጠኝ። ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር። በዓይኔ አይቼው፣ መርፌዋን አመንኩ።»

ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለወለላ ሁሉንም ነገራት። ወለላ እየሰማች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዝም በል። ለማንም እንዳትናገር።»

«ገዳሙ ሰው ልከውብኛል እኮ። ለአርባዋ ከቤተ ዘመዱ ጋር እንድቀመጥ። ልጄን የተሸከመልኝ ሰው ነው ብለው።»

«ሄደህ ተቀመጥ።»

«እንጀራቸውን ልብላ?»

«ምናለ ጎረምሳ ነው፤ ሚስቱን የቀበረ ጎረምሳ። ወንድሜን ደም ውስጥ ልትከተው ነው?»

«ስሙን አላነሳም።»

«ታዲያ የምትነግራቸው ለማን ብለህ ነው?» አለች ወለላ። «ለእነሱ ነው ወይስ ለራስህ?»

ግን ሄደ።

ሰኔ ነበርና ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶታል። መኪናዋን አማኑኤል አቁሞ በእግሩ ወረደ። እያንዳንዷን የቆመባትን ቦታ አልፎ ነው የወረደው፤ አንዱም አልጠፋውም። ገዳሙ ደጃፋቸው ላይ ሞፈር እያበጁ አገኛቸው። ደስ ብሏቸው ተነሱ። «ግባ፣ ግባ፣ እግርህን ታጠብ» አሉት። እቴናት ቤት ውስጥ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ንጹሕ ጨርቅ በላም ወተት እየነከረች አፏ ላይ ታደርግላታለች። ምናለ ከእርሻ ገብቶ ጥጉ ላይ ተቀምጧል፤ ሰውነቱ አልቋል።

እንዳላማው የቀረበለትን አልነካም። ቆሞ ነገራቸው። ጋራዡ ውስጥ ያየውን፣ የመርፌዋን ነገር፣ የቀዘቀዘውን ሞተር። ክዳኑን ከፍቶ ውሃውን ማየቱንም አልደበቀም።

«መቆም አልነበረብኝም» አለ። «ብነዳ ኖሮ ትሄድ ነበር። መኪናዋ ምንም አልሆነችም ነበር።»

ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሕፃኗ መምጠጥ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ የተናገረችው እቴናት ናት። አልጮኸችም።

«ይህን ለምን ነገርኸኝ?» አለች። «ለእግዚአብሔር ሰጥቻት ነበር። የእሱ ሥራ ነው ብዬ፣ አልቅሼ፣ ሰጥቼው ነበር። አሁን አንተ መጥተህ ከእጁ ነጠቅህና ለሽቦ ሰጠህብኝ።»

እንዳላማው ራሱን ደፋ።

ምናለ ከተቀመጠበት ተነስቷል። «ሽቦውን ያሰረው ማን ነው?»

«መኪናው የእኔ ነው።»

«ያሰረው ማን ነው ነው ያልኩህ!»

«እኔ ነኝ» አለ እንዳላማው።

ምናለ አላመነውም፤ ዓይኑ ላይ ያስታውቃል። ግን ከግድግዳው ዱላውን ሲያነሳ ለማመን የቸኮለ ይመስል ነበር። እንዳላማው አልሸሸም። ገዳሙ ናቸው ከመካከላቸው የገቡት።

«ተው! ቤቴ ውስጥ የገባ ሰው አይመታም።» ከዚያ ወደ እንዳላማው ዞሩ። ቅድም «ግባ፣ ግባ» ያሉት ሰውዬ አይመስሉም ነበር። «በል ሂድ። መንገድ ላይ ማንም አይነካህም፤ ለዚህ ቃሌን እሰጥሃለሁ። ለአርባዋ ግን አትምጣ።»

«አያ ገዳሙ፣ ሽማግሌ ልልክ…»

«አትላክ። ሰው የሚታረቀው ከበደለው ጋር ነው። የበደልሃት የለችም።»

ወጣ። ዳገቱን ሲወጣ ዝናቡ ያዘው፤ የሚጠለልበት ዛፍ እያለ አልተጠለለም።

ምስጋናው ይህን ሲሰማ ራሱ ሄዶ ሊናገር ተነሳ፤ እንዳላማው በር ላይ ቆሞ ከለከለው። «አንድ ሰው ይበቃል» አለው። ምስጋናው ብሎኑን ፈትቶ፣ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቆ፣ ለእያንዳንዱ የየራሱን ማሳ አስሮ መኪናዋን ካስረከበ በኋላ ሌላ ሥራ አልተቀበለም። ከእንግዲህ ሽቦ አልይዝም አለ። ጥጉን ለቆ ባሕር ዳር ሄደ፤ እዚያ ሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይ ያቀብላል አሉ። እንዳላማው ግን መንዳቱን አልተወም። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። መኪናዋም ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላስቸገረችውም። ከጉልት የሚጭን ነጋዴ ሲመጣ፣ «ሌላ ሰው ፈልግ» ይለዋል፤ ምክንያቱን የሰማ አይጠይቀውም፣ ያልሰማም ከሌላው ይሰማል።

የአርባዋ ቀን ወለላ ነጠላዋን ለበሰች።

«የት ነው?» አላት።

«አንተን እንጂ እኔን አልከለከሉኝም።»

ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቃት። አመሻሽ ላይ ጫማዋ በጭቃ ተለንቅጦ ተመለሰች። ውሃ አቀረበላት፤ እግሯን መታጠብ ጀመረች።

«አስገቡሽ?»

«አስገቡኝ። ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥሁ። ማንም አላዋራኝም፤ ማንም ክፉ አልተናገረኝም።» እግሯን በጨርቅ አደረቀች። «ልወጣ ስል እቴናት ወደ ጓሮ ጠራችኝ። ‹ሳይቆም ቢነዳ ልጄ ትደርስ ነበር ወይ?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«አላውቅም አልኳት።»

«እሷስ?»

«‹ታውቂያለሽ› አለችኝና ገባች።»

ከጎረቤት የሰው ሳቅ መጣ፤ ከዚያ ጠፋ። እንዳላማው የታጠበችበትን ውሃ ደፍቶ መጣ።

«ሕፃኗስ?» አላት።

«ደህና ናት። የምናለ ወንድም ሚስት አራስ ናት፤ ከራሷ ልጅ ጋር ታጠባታለች። ወዟ መለስ ብሏል።»

«ስም አወጡላት?»

«ሰማንያዋ ሲደርስ ነው ክርስትና የምትነሳው።»

እንዳላማው ሰማንያው መቼ እንደሚውል በጣቱ ማስላት ጀመረ። ነሐሴ ላይ ሲደርስ እጁን አጥፎ ተወው። የሚጠራው ሰው የለም።